ስልጠናውን ሁላችንም ወስደነዋል፣ ስህተቱ ግን በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይመለሳል፣ ለምን?

አንገረብ ዳር፦

ሰላም እንዴት ዋላችሁ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

የምሰራው እዚሁ ጎንደር አንድ የጤና ተቋም ውስጥ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ የምታውቁኝም እባካችሁ አትጥሩብኝ። ክፍሌ የሰው ሀብት ነው፣ በተለይ ስልጠና ላይ ነኝ። ማን ይሂድ፣ ስንት ቀን ይቆይ፣ አበሉ ስንት ነው፣ ሰርተፊኬቱ ፋይሉ ውስጥ ገባ ወይ፣ በቃ ስራዬ ይሄው ነው። ስድስት ዓመት ሆነኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ የመድኃኒት ስቶር ሰዎችን ብቻ አራት ጊዜ አሰልጥኛለሁ፣ ባህር ዳር ሁለቴ፣ አዳማ አንዴ፣ አንዴ ደግሞ አሰልጣኙን እዚህ አምጥተን። ሰኔ 30 ቆጠራ ሲደረግ ግን ያው ነው፣ ጊዜው ያለፈበት ካርቶን ተቆልሎ ይገኛል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ በመጨረሻ "የአቅም ክፍተት አለ" ይባልና ወረቀቱ ወደ እኔ ይመጣል። የአቅም ክፍተት ማለት ስልጠና ማለት ነዋ። እኔም እልካለሁ።

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሰማሁና እንቅልፍ ነሳኝ። የስቶሩ ሰው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጡረታቸው ደርሷል፣ እኔን ልጄ ነው የሚሉኝ። ከቆጠራው በኋላ በሩ ላይ ያለችው ቡና ቤት ቁጭ ብለን ለወሬ ያህል "ጋሼ ግን ይሄ የህጻናት ሽሮፕ እንዴት አመለጠዎት?" አልኳቸው። ሳቅ አሉና "እንዴት ያመልጠኛል ልጄ፣ ጥር ላይ አውቄዋለሁ እኮ" አሉኝ። ለካ ቢን ካርዱ ላይ፣ የየመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ ላይ፣ በእርሳስ ምልክት አድርገውበታል። በወር ስንት እንደሚወጣ ያውቃሉ፣ ስንት እንደሚተርፍ ያውቃሉ፣ መቼ እንደሚያልፍበት ያውቃሉ፣ ጥር ላይ ቢነገር ደግሞ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይተላለፍ ነበር፣ እዚያ ሰው ይፈልገዋል። "ታዲያ ለምን አልተናገሩም?" ስላቸው ዝም አሉ፣ ስኒያቸውን አዞሩት አዞሩትና ከእሳቸው በፊት ስለነበረው ልጅ ነገሩኝ። ልጁ ልክ በስልጠናው እንደተማረው ስድስት ወር ቀድሞ በደብዳቤ አሳወቀ። መልሱ ምን ሆኖ መጣ መሰላችሁ፣ "መጀመሪያ ይሄን ያህል መድኃኒት እንድትጠይቅ ማን አዘዘህ?" ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፣ ስብሰባ ላይ ስሙ ተነሳ፣ ከደሞዝህ ይቆረጣል ተባለ፣ በመጨረሻ ለቆ ሄደ። "እና ልጄ፣ ሰኔ ላይ ሲገኝ የኮሚቴ ነው፣ ጥር ላይ ሲገኝ የእኔ ነው" አሉኝ።

እኔ እስካሁን ሰው ስላልተማረ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ሁሉም ተምሯል፣ ያውም ያለ አበል፣ ያ ልጅ ሲጠራና ሲሰደብ ቁጭ ብሎ እያየ።

አሁን የዘንድሮው እቅድ ላይ እንደገና "የስቶር አያያዝ ስልጠና 5 ቀን" ተብሎ ገብቷል፣ በጀቱም ጸድቋል። እንደ እኔ ዓይነት ከታች ያለ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? የደረሰበት ወይ መስሪያ ቤቱ ሲለወጥ ያየ ካለ ይንገረኝ። ፖለቲካ ባትጨምሩበት ደስ ይለኛል።


ሳሙና በር፦

ፖለቲካ አትጨምሩ ብለሽ ጨረስሽው እንግዲህ ሃሃሃ

እኛ ጋ የሃሳብ መስጫ ሳጥን አለ፣ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የስራ ማሻሻያ ዘዴ የመጣ ጊዜ የተሰቀለ፣ ቁልፍ ያለው። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ግድግዳ ሲቀባ ሳጥኑን ሲያነሱት ውስጡ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል፣ ወይ ሃሳብ ነው ወይ በረሮ። የተሰቀለው ደግሞ ራዕይ ተልዕኮ እሴት ከሚለው ሰሌዳ ስር ነው፣ እሴት ቁጥር ሶስት "ግልጽነት" ይላል።

እህቴ ምክሬ አጭር ነው፣ ዝም አይነቅዝም። ጋሼም ጡረታቸውን በሰላም ይውጡ አንቺም ስራሽን ስሪ። ሽሮፕ ነው እኮ፣ ምን አለበት።


የሌሊት ዱቲ፦

ሳሙና በር አንተ ሽሮፕ ነው ያልከው፣ ሁሌ ሽሮፕ ቢሆንማ ምን ነበረበት።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ የተማርኩት ጎንደር ነው፣ አሁን የምሰራው ሌላ ቦታ ነው። ገና እንደተመረቅኩ አንድ ሌሊት ከእኔ በላይ የሆነ ሰው የጻፈው የመድኃኒት መጠን በዛብኝ። ሁለቴ አየሁት፣ ሶስቴ አየሁት። ሰውየው እዚያው ነበር፣ ስልኩን እያየ። አልጠየቅኩትም። ጠዋት የቀን ተረኛዋ አይታ ወዲያው አስተካከለችው፣ እናትየዋም ምንም አልሆነች፣ እኔ ግን እስከዛሬ ድረስ ይሄ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ከስራ እባረራለሁ ብዬ እኮ አልነበረም ዝም ያልኩት። "አንቺ ደግሞ ማነሽ" እንዳልባል ነው። ለዚች ብቻ! ሰው ፍርሃት ሲባል ትልቅ ነገር ይመስለዋል፣ እስር ምናምን፣ መስሪያ ቤት ውስጥ ያለው ፍርሃት ግን ብዙውን ጊዜ ይቺን የምታክል ናት።

ሌላ ልንገርሽ። እናት ስትሞት የሚሞላ ቅጽ አለ፣ የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባለው፣ ሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የምትሰራበት። ቅጹ ላይ የባለሙያ ስም አይጻፍም፣ ሆን ተብሎ ነው፣ ማን አጠፋ ሳይሆን ምን ጎደለ የሚለው እንዲታይ፣ ደም አልነበረም ወይ፣ አምቡላንስ ዘገየ ወይ፣ ቤት ቆይታ ነው ወይ፣ እኛ ጋ ከደረሰች በኋላ ነው ወይ የዘገየችው። ወረቀቱ በጣም ጥሩ ነው። ግን አንድ በሰራሁበት ቦታ ስብሰባው ገና እንደተከፈተ የመጀመሪያው ጥያቄ "ማታ ተረኛ ማን ነበር?" ሆነ። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሞሉት ቅጾች በሙሉ "ዘግይታ ነው የመጣችው" ማለት ጀመሩ። እውነት ዘግይተው የሚመጡ ብዙ ናቸው፣ ግን ሁሉም? የሚያሳዝነው ደግሞ ከላይ ያለው ሰው ያንን አንብቦ ነው የሚያቅደው፣ ስለዚህ ችግሩ ዋርድ ውስጥ እያለ መፍትሄው መንገድና አምቡላንስ ላይ ይሆናል። ውሸቱ አንድ ሰው ያተርፋል፣ ተቋሙ ግን በተሳሳተ መረጃ በርትቶ ይሰራል።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ አለች፣ አንድ መምህራችን ስለሷ ነግሮን ፈልጌ ያነበብኩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ታጠና ነበር፣ ተስማምቶ የሚሰራ ቡድን ስህተቱ ያንሳል ብላ ጠብቃ ቁጥሩ ተገልብጦ መጣባት፣ ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ናቸው ብዙ ስህተት ያላቸው! ግራ ገባት። በኋላ ስለ ቡድኖቹ ውጤት ምንም የማያውቅ ሰው ልካ ስታስጠና ነገሩ ገባት፣ ጥሩዎቹ ብዙ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን የተሳሳቱትን ስለሚናገሩ ነው። ሌሎቹ ይደብቃሉ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ ፋብሪካ 51 ቡድኖች ላይ ያደረገችውን ጥናት አወጣች፣ ሰው ሳይሸማቀቅ መናገር የሚችልበት ቡድን ይጠይቃል፣ ይሞክራል፣ ስህተቱን ያወጣል፣ ይማራል።

ስለዚህ አንገረብ ዳር፣ አንቺ ጋ ሪፖርቱ በጣም ንጹህ የሆነ ክፍል ካለ እኔ ብሆን መጀመሪያ እሱን ነው የምጠረጥረው።

(ጎንደር የተማራችሁ ቲቲፒን፣ ያንን የቡድን ስልጠና ፕሮግራም፣ ታስታውሳላችሁ? ጤና መኮንኑም ነርሱም ሳኒታሪያኑም አንድ ላይ ገጠር ወርደን፣ አንድ ቤት እያደርን፣ አንድ ሽሮ እየበላን የሰራነው። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ጀምሮ ቡድን ሆኖ መስራት የተባለው ነገር አለ። ያኔ "ይሄ አልገባኝም" ለማለት ማንም አያፍርም ነበር። ስራ ስንይዝ የት እንደገባ እንጃ።)


ስደቡኝ ብያለሁ፦

እሺ እኔ ደግሞ በሌላኛው ወንበር የተቀመጥኩት ነኝ። የቡድን መሪ ነኝ፣ 11 ሰው አለኝ። ሁላችሁም አለቃው እያላችሁ ስለሆነ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

ጠዋት አንዱ መጥቶ "ኃላፊ ይሄ ነገር ሊበላሽ ነው" ሲለኝ መጀመሪያ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመጣው ነገሩ እንዴት ይስተካከላል አይደለም። ለላይኛው ምን ብዬ ነው የምጽፈው ነው የሚመጣው። እውነቴን ነው፣ አፍሬ ነው የምጽፈው። ምክንያቱም ባለፈው ዓመት አንዴ የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ያለውን እውነት 60 ፐርሰንት ብዬ ላክሁ፣ ጎረቤቴ ያው ስራ ላይ ሆኖ 96 ላከ። እኔ ተጠርቼ "ምን ሆነህ ነው" ተባልኩ፣ እሱ ተመስግኖ ልምድ እንዲያካፍል ተደረገ። ልምድ! በቀጣዩ ሩብ ዓመት እኔም 94 ላክሁ። ቢኤስሲዬ፣ የስራ አፈጻጸም ውጤቴ ማለት ነው፣ አማረ። ማንም ምን ለወጥክ ብሎ አልጠየቀኝም።

ግምገማውን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሂስና ግለሂስ ሲባል ሰው ተነስቶ የሚናዘዘው ምንድነው፣ "ስራ ስለማበዛ ራሴን እረሳለሁ"፣ "ትንሽ ቁጡ ነኝ"፣ "ሰው ላይ ማመን አበዛለሁ"። አንድም ቀን "የሰኔው ቆጠራ ላይ ቁጥር አስተካክዬ ነው የፈረምኩት" ያለ ሰው አላየሁም። እውነተኛ ነገር የሚወጣው አንዱ አንዱን ሊበላው ሲፈልግ ብቻ ነው፣ ስለዚህ እውነት ራሷ የጠብ ምልክት ሆናለች፣ እውነት የተናገረ ሰው "ምን ፈልጎ ነው" ነው የሚባለው።

ግን እህቶቼ አንድ ነገር መልሱልኝ። አትውቀሱ አትውቀሱ ብቻ ከሆነ ሌባውስ? "ጊዜው አልፎበት ተወገደ" ተብሎ የተሸጠ መድኃኒት እንዳለ አላውቅም እንዴ? ስሙ ካልተነሳ፣ ካልተቆረጠበት፣ ነገ ስቶሩን ባዶ ነው የማገኘው። እሱን ነው የምፈራው።


ሳሙና በር፦

ስደቡኝ ብለህ ስትመጣ ልሰድብህ ነበር፣ ግን 96ቱን ሰውዬ አውቀዋለሁ መሰለኝ፣ አሁን ኃላፊ ነው።


ማራኪ ሰፈር፦

የስደቡኝ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ማኔጅመንት ነክ ነገር ስለማስተምር ትንሽ ልጻፍ፣ ከረዘመ ይቅርታ።

ሌባና የተሳሳተ ሰው አንድ ሚዛን ላይ ስለወጡ ነው ችግሩ። ሌባው እንደሆነ ድሮም ደብዳቤ ጽፎ አያሳውቅም። አሳውቆ የተቀጣው ያ ልጅ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ቅጣቱ ያረፈው በተናገረው ላይ ነው፣ ሌባ ቢኖር ኖሮ እንኳን ዝም ስላለ ምንም አይነካውም ነበር። ጭራሽ ዝምታው ነው ሌባን የሚሸሽገው፣ ሁሉም ሰው ቁጥሩን አለስልሶ በሚጽፍበት ቤት የሰረቀውንና የፈራውን በምን ትለየዋለህ?

ሁለተኛ፣ "እኛ ሐበሾች ፈሪ ስለሆንን ነው" የሚል ነገር እዚህ ሳይመጣ አይቀርም ብዬ ቀድሜ ልናገር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 አሜሪካ ቻሌንጀር የምትባል መንኮራኩር በተነሳች በ73 ሰከንዷ ሰባት ሰው ይዛ ተበታተነች። ሮኬቱን የሰራው ኩባንያ መሐንዲሶች በዋዜማው ማታ፣ በዚህ ብርድ የጎማ ማሸጊያው አይይዝም፣ አይነሳ ብለው ነበር። ኃላፊዎቻቸው መጀመሪያ ተቀበሉ፣ ከዚያ የጠፈር መስሪያ ቤቱ ናሳ ሲጫናቸው ሃሳባቸውን ቀየሩ። እሺ ከዚህ ይማራሉ ትላለህ። ከ17 ዓመት በኋላ በ2003 ኮሎምቢያ የምትባል ሌላ መንኮራኩር ስትመለስ ተቃጠለች፣ ሌላ ሰባት ሰው። ስትነሳ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ ፎም፣ ስፖንጅ መሰል መሸፈኛ፣ ክንፏን እንደመታት ታውቆ ነበር፣ መሐንዲሶቹ ክንፉ ፎቶ ይነሳልን ብለው ጥያቄያቸው ወደቀ። መርማሪው ቦርድ የጻፈው ከፎሙ እኩል የድርጅቱ ባህል ነው ምክንያቱ ብሎ ነው። ያ ሁሉ ዶክተርና ሳይንቲስት ያለበት ቤት እንዲህ ከሆነ የጋሼ ዝምታ ምን ይገርማል። እሳቸውም እኮ ጥር ላይ ነው ያወቁት፣ መሐንዲሶቹም ጥር ላይ ነው።

ክሪስ አርጊሪስ የሚባል ሰው ደግሞ ይሄን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ነው ያጠናው። ምሳሌው ቴርሞስታት ነው፣ ካውያ ውስጥ እንዳለው በሉት። ካውያው ሲበርድ ይበራል ሲግል ይጠፋል፣ ይሄ አንድ ዓይነት መማር ነው፣ ስህተቱን ያስተካክላል። ግን ካውያው "ለመሆኑ የተሞላሁበት ሙቀት ለዚህ ጨርቅ ልክ ነው ወይ?" ብሎ አይጠይቅም። አንገረብ ዳር የምትልከው ስልጠና የካውያ ነው፣ ሰኔ ላይ ስህተት ተገኘ፣ አሰልጥን። ቀድሞ የተናገረ ለምን ይቀጣል የሚለውን ማንም አይነካውም። አርጊሪስ የሚለው የባሰ ነገር አለ፣ በየመስሪያ ቤቱ የማይወራ ነገር አለ፣ እንደማይወራም ራሱ አይወራም።

ካይዘን ስለተነሳ ደግሞ፣ ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት እስከማቋቋም ሄዳለች፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ከቶዮታ ያመጣነው ወለል ላይ ቢጫ መስመር መቀባትና መፍቻ ሰሌዳ ላይ መስቀል ነው። እዚያ የመኪና ማምረቻው መስመር ላይ ገመድ አለ፣ ተራ ሰራተኛ ችግር ካየ ይጎትታል፣ አለቃው ይመጣል፣ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። እኛ ቀለሙን ቀባን ገመዱን ረሳነው። ለጃፓኖቹ ጥራት ካስተማሩት አንዱ ዴሚንግ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ ለኃላፊዎች ከጻፋቸው 14 ነጥቦች 8ኛው ፍርሃትን አስወጡ የሚል ነው። ሳሙና በር የሚያወራው ሳጥን እሷ የተረሳችው ገመድ ናት።


ሳሙና በር፦

ከሽሮፕ ተነስተን ሮኬት ደረስን። ግን ገመዷን ወደድኳት።


የቆሎ ተማሪ የነበረ፦

እናንተ ጎንደር ተቀምጣችሁ ሃርቫርድ ድረስ ምን አስኬዳችሁ።

አሁን የምሰራው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ልጅ እያለሁ ግን አኩፋዳ ይዤ ለምኛለሁ፣ ንባብ ቤትም ቅኔ ቤትም ገብቻለሁ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ንባብ ቤት ስትሳሳት ትገረፋለህ። እኔ ስለዚህ ምን ተማርኩ፣ በህብረት ስናነብ ከንፈሬን ማንቀሳቀስ። ከሌላው ልጅ ድምጽ ስር ተሸጉጬ ወራት ሄድኩ፣ የኔታ ብቻዬን ያስነበቡኝ ቀን ፊደሉ ሁሉ ጠፋብኝ። ስብሰባ ላይ ስናጨበጭብ ሁሌ ያ ከንፈሬ ትዝ ይለኛል።

ቅኔ ቤት ሌላ ነው። ቀን ዛፍ ስር ወይ መቃብር ቤት ተሸሽገህ ቅኔ ትቆጥራለህ፣ በሃሳብህ ትገጥማለህ ማለት ነው፣ ማታ የኔታ ፊት ትነግራለህ። ሁሉም እየሰማ። ቤቱ ካልመታ፣ ምስጢሩ ከሰሙ ካልገጠመ፣ የኔታ እዚያው ያርሙታል፣ ወይ ያፈርሱትና በዚያው በተሳሳትከው ቃል ሌላ ይሰጡሃል። ትልቁም ተማሪ ይታረማል፣ ትንሹም። ነገ ደግሞ ሌላ ይዘህ ትመጣለህ። የተሳሳተ ቅኔ ይዞ የመጣ አይደለም የሚታፈርበት፣ ባዶ እጁን የመጣ ነው። ኩርኩም የለም እያልኩ አይደለም፣ የሚያሾፍብህም አይጠፋም፣ ግን ስህተትህ የሁሉም መማሪያ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከቅኔው በክፉ ወርሰናል ብዬ አስባለሁ። ሰምና ወርቁን። ስብሰባ ላይ "በጣም ጥሩ ነው፣ ብቻ ትንሽ ቢታይ" የሚል ሰው ወርቁ "ይሄ ነገር ገደል ሊገባ ነው" ማለት ነው፣ ሁላችንም ይገባናል። ኃላፊው ግን ሰሙን ሰምቶ "አመሰግናለሁ፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ" ይላል። ወርቁን እኛ ቡና ላይ እንፈታዋለን። ቃለ ጉባኤው የሚይዘው ሰሙን ብቻ ነው፣ ከዓመት በኋላ አዲስ የተሾመ ሰው ፋይሉን ሲያነብ "ሁሉም በጥሩ ሁኔታ ላይ ነበር" ይላል።


አዘዞ ጋራዥ፦

እንደናንተ መጻፍ አልችልም። አጭር ነው።

ጋራዥ አለኝ፣ አራት ልጆች ይሰሩልኛል። አንዱ ዘይት ቀይሮ የታችኛዋን ቡሎን ሳያጠብቃት አይሱዙው ወጣ። መተማ መንገድ ላይ ዘይቱ አልቆ ሞተሩ ነከሰ። ከሰርኩ። ልጁን በሰው ፊት ያላልኩት የለም፣ ቆረጥኩበትም። ከዚያ ምን ሆነ፣ ሌሎቹ መፍቻ ሲሰበር መቅበር ጀመሩ። በእግዜር፣ መሬት ቆፍረው! ዝናብ ሲጥል አገኘሁት።

አንድ ቅዳሜ ምሳ አብረን ስንበላ እኔ ልጅ ሆኜ ስለጨረስኩት ሞተር ነገርኳቸው፣ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ጌታዬ ሸፍኖልኝ ነበር። ሳቁ። ከዚያ ህግ አወጣሁ። መኪናው ከግቢ ሳይወጣ የነገረኝ ምንም አይከፍልም፣ ሞተር እንኳን ቢሆን። ወጥቶ የተገኘ ያው ይከፍላል። አሁን ማታ ማታ "ጋሼ ያቺን ነገር እንደገና ልያት" የሚሉኝ እነሱ ናቸው። ስርቆት ሌላ ነው፣ የሰረቀ ይሄዳል፣ እሱን ያውቃሉ።

እህቴ ያንቺ ቤት ህጉ ተገልብጦ ነው ያለው። ቀድሞ የተናገረ ነው የሚከፍለው።


ስደቡኝ ብያለሁ፦

መፍቻ መቅበር... የኔ 94 ፐርሰንትም የተቀበረ መፍቻ ነው እንግዲህ። ነገ ስብሰባ አለኝ፣ ከ11ዱ ጋር። ያ 60 ፐርሰንት የት እንደሄደ እነግራቸዋለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ካልነገርኳቸው አልጽፍም እዚህ።


አንገረብ ዳር፦

ከሁለት ወር በላይ ሆነኝ፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የሌሊት ዱቲ አንቺን በተለይ፣ ያ "አንቺ ደግሞ ማነሽ" ያልሽው ነገር የኔም ነው።

ስልጠናውን መሰረዝ አልቻልኩም፣ በጀቱ ካልተበላ ይመለሳል ተብሎ አምስቱም ቀን ተካሄደ። ሰርተፊኬቱ ፋይል ውስጥ ገብቷል ሃሃ። ግን የጋራዡ ወንድሜ ህግ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። "ቀድሞ የተናገረ አይጠየቅም" የሚል ደብዳቤ ማን ይፈርምልኛል? ማንም። እንደ እሱ ጋራዡ የራሴ አይደለም። ስለዚህ የጋሼን አባባል ገለበጥኩት፣ ሰኔ የኮሚቴ ከሆነ ጥርም የኮሚቴ ይሁን አልኩ። በየወሩ መጨረሻ ሶስት ሰው፣ አንድ ከፋርማሲ፣ አንድ ከፋይናንስ፣ አንድ ከስቶር፣ በስድስት ወር ውስጥ የሚያልፍባቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር አብረው እንዲያወጡ። ወረቀቱ ላይ ማን እንዳገኘው አይጻፍም፣ ማን እንደጠየቀው አይጻፍም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ብዛት፣ ቀኑ፣ የት ቢሄድ ይጠቅማል፣ አለቀ። የፋርማሲ ኃላፊዋን ለብቻዋ ሄጄ ነው ያናገርኳት፣ ስብሰባ ላይ አላነሳሁትም። ለካ እሷም በየሰኔው ትጨነቅ ነበር፣ ሆዷ ውስጥ ይዛው ነው እንጂ።

የመጀመሪያው ዝርዝር 14 ዓይነት ይዞ መጣ። ኃላፊያችን ወረቀቱን አይተው "ይሄ ሁሉ?" አሉ፣ ከዚያ "ለመሆኑ ይሄን ማን..." ብለው ጀመሩና አቋረጡት። ለምን እንዳቋረጡት አላውቅም፣ ሶስት ሰው ፊታቸው ስለቆመ ይሆናል። ዝም ብለው ቆዩና "በሉ ለጤና ጣቢያዎቹ ደውሉ" አሉ። ሁለቱ ዓይነት ባለፈው ሳምንት ሄዷል። አስራ ሁለቱ እዚያው ነው፣ መኪና የለም፣ ነዳጅ የለም፣ ደብዳቤው አልተፈረመም፣ ያው ነው።

ትናንት ስቶር ገብቼ ጋሼን ቢን ካርዱን አሳዩኝ አልኳቸው። አሁንም በእርሳስ ነው ምልክቱ። "ጋሼ አሁንማ በእስክሪብቶ ይጻፉት እንጂ" አልኳቸው።

"ቆይ ልጄ" አሉኝ፣ "እስኪ የሚቀጥለውን ወር እንየው።"